ጳጉሜን 6 ቀን የፈረሙ ሰዎች

(ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሰው ሀብት አስተዳደር ተመራቂዎችና በአካባቢው ፋብሪካዎች ለሚሠሩ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ብዙም ሳልነካካ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ በኩል ድምፄ ይሰማል? ይሰማል? እሺ፣ ጎሽ።

የተከበራችሁ የፕሮግራሙ አዘጋጆች፣ መምህራን፣ ተመራቂዎች፣ ከፈረቃ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ልጆቼ፤ ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እሑድ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልብስ የሚታጠበው እሑድ ነው፣ ጸጉር የሚሠራው እሑድ ነው፣ ዘመድ የሚጠየቀው እሑድ ነው። ይህን ሁሉ ትታችሁ አንዲት ጡረተኛ ልትሰሙ መጥታችኋልና እንዳላሰለቻችሁ ፈጣሪ ይርዳኝ። (ሳቅ)

የጥሪ ወረቀቱ ላይ «የሰው ሀብት ተቆጣጣሪ ሙያና ልምድ» ይላል። ሲነበብ ግርማ አለው። በመሥሪያ ቤት አጠራር እኔ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የፋብሪካ ዘበኞች ግን «ያቺ የፋይሏ ሴትዮ መጣች» ነበር የሚሉኝ። ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ፋይል ብብቴ ሥር ስለማይጠፋ ነው።

ሦስት ነገር ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ እንዴት እንደገባሁበት፣ ሁለተኛ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ፣ ሦስተኛ አንድ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፣ እሱን። ሰዓት ካጠረ ሁለተኛውን አቋርጡኝ እንጂ ሦስተኛውን አታስቀሩብኝ።

አንደኛውን ልጀምር።

በ1987 ዓ.ም. አቃቂ መስመር ላይ ባለ አንድ ፋብሪካ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ የሰው ሀብት የሚባል ነገር የለም፤ ክፍሉ «ፐርሶኔል» ነው። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ካርቦን፣ እስከ ጣሪያ የደረሰ ፋይል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/85 ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያ አዋጅ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነበር። ሠራተኛው 45ኛውን ቀን ከዘለለ ቋሚ መብት ይጀምርለታል። ታዲያ እኛ ቢሮ ምን ይደረግ ነበር መሰላችሁ? አርባ አራተኛው ቀን ሲደርስ አለቃዬ የስም ዝርዝር ያመጣልኛል። ደብዳቤው አንድ ነው፣ «የሙከራ ጊዜዎን በአጥጋቢ ሁኔታ ስላላጠናቀቁ» ይላል። እኔ ስሙን ብቻ እየቀያየርኩ እመታለሁ። አሥራ አምስት ስም፣ ሃያ ስም። በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች በር ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። እነዚያኑ ሰዎች፣ ለዚያው ማሽን፣ በአዲስ ፎርም እንደገና እንቀጥራቸዋለን። ሙከራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ እንዲህ ተደረገች። በሦስተኛው ደብዳቤዋን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችና «እህቴ፣ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ልማር እንጂ» አለችኝ። ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ። የማውቀው ጥፋት አልነበራትም። «አለቃውን ጠይቂ» አልኳት። አለቃው ደግሞ የዚያን ቀን የለም።

ዛሬ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙከራውን ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎታል። የሥራ ቀን ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ያ ሠራተኛ ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ድጋሚ ከተቀጠረ ግን ሁለተኛ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። የለም! ይህቺ አንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ሰው ታድን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሕጉን ያላወቀ ሰው ደጃፍም እንደዚያው ነው።

በ1996፣ አዋጅ 377 በወጣበት ዓመት፣ ተወዳድሬ ወደ ተቆጣጣሪነት ገባሁ። ከዚያ 21 ዓመት። ከጸሐፊነቴ ጀምሮ እስክወጣ ሦስት አዋጅ አልፎብኛል። ሰው ሲጠይቀኝ «ሕጉን ስላጠናሁ ነው የገባሁበት» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሃያ ስም የተጻፈበት ወረቀት ስለነበረኝ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው። ሥራው ምን ይጠይቃል?

ተመራቂዎች፣ እናንተን ልጠይቅ። ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ ምን ማየት አለበት? (ከአዳራሹ፦ «ኮንትራት!» «ፔሮል!» «የደህንነት ዕቃ!») ሁላችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የቀን መቁጠሪያ ነው።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አንድ ፋብሪካ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፣ እናንተም አትገምቱ። የቀን ሠራተኞችን የሰዓት ፊርማ አምጡ አልኩ። አቤት ጥራት! በደንብ የተሰመረ፣ የተጠረዘ፣ ማህተም ያለበት። መግቢያ 2 ሰዓት፣ መውጫ 11 ሰዓት፣ የአንድ ሰዓት ምሳ። ልክ 8 ሰዓት ሥራ። አንድም ሰው አላረፈደም፣ አንድም ሰው አላመሸም። ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ያልጠፋበት፣ ዝናብ ያልዘነበበት አገር! (ሳቅ) ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣ ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜን ደረስኩ። ጳጉሜን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5... ጳጉሜን 6።

ጳጉሜን 6 በስንት ዓመት ትመጣለች? (ከአዳራሹ፦ «በአራት!») በአራት። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ። 2007 ላይ ነበረች፣ ቀጥሎ 2011 ላይ መጣች። እኔ የያዝኩት መዝገብ የስንት ነው? የ2009። 43 ሰዎች በሌለ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ገብተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ማታ 11 ሰዓት ወጥተዋል። ፈርመዋልም።

የመዝገብ ልጁን ጠራሁት። ገና ወጣት ነው፣ ከእናንተ አይበልጥም። ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ልጁ አየ፣ ፊቱ ደም መሰለ፣ «እትዬ፣ ከ2007ቱ ላይ ነው የገለበጥኩት» አለኝ። ቁጥጥር ይመጣል ሲባል በሁለት ሌሊት ዓመቱን በሙሉ ጽፎታል። ሁሉንም ፊርማ እሱና አንድ ጓደኛው።

(በነገራችን ላይ የወር ደመወዝተኞች ጳጉሜን ለብቻዋ እንደማትከፈላችሁ ታውቃላችሁ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይህን የማይጠይቀኝ ሰው አልነበረም። የቀን ሠራተኛ ግን በሠራባት ቀን ሁሉ ይከፈለዋል። ስለዚህ ለሌለች ቀን የ43 ሰው ሂሳብ ወጥቷል ማለት ነው። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? እሱ የፖሊስ ጥያቄ ነበር፣ የእኔ አይደለም።)

መዝገቡ ውሸት ከሆነ እውነቱ የት አለ? ልጆቼ፣ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲሠራ አንድ ቦታ ይጻፋል። ሳይጻፍ አይቀርም። የፎርማኑ የካፖርት ኪስ ውስጥ አንዲት የተጣጠፈች ደብተር አለች፣ ጥግ ጥጓ በቅባት የጠቆረ። «ማክሰኞ፣ 6 ሰው፣ እስከ 4» ትላለች። እስከ ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ፎርማኑ ለምን ጻፈ? ለሕግ ብሎ አይደለም፤ ነገ ማን እራት እንደሚገባው እንዳይጣላበት ነው። የፋብሪካው እውነተኛ መዝገብ እሷ ነበረች። ተቆጣጣሪ ማንኛውንም ሰነድ የማየትና ቅጂ የመውሰድ ሥልጣን በአዋጁ ተሰጥቶታል። ደብተሯን ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ገለበጥኳት።

ከዚያ ሂሳብ ነው። ዛሬ ባለው አዋጅ ላሳያችሁ። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይዘልም። የአንድ ሰው የሰዓት ክፍያ 20 ብር ነው እንበል። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ትርፍ ከሠራ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍቱ 40። በሕዝብ በዓል 50። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጻፉት እንጂ! እኔ እጠብቃለሁ።

ጻፋችሁ? እሺ። አሁን መጥፎውን ልንገራችሁ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም ማለት ነው። ከጥቅምት ወደ ኋላ 6 ወር ብትቆጥሩ ሚያዝያ ላይ ትቆማላችሁ። የፎርማኑ ደብተር ከመስከረም 2009 ይጀምራል። ከሚያዝያ በፊት ያመሹበት ሌሊት ሁሉ ደብተሯ ላይ ቀረ። ከሥራ ተባርሬያለሁ፣ ይመልሱኝ ለሚል ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። ሦስት ወር! ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ደህንነት ብዙ አላወራም፣ የሚቀጥለው ተናጋሪ መሐንዲስ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ሄልሜቱን አትዩ፣ ላስቲኩን እዩ። ሄልሜቱ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ ገና ካልተነሣ ዛሬ ጠዋት በር ላይ የታደለ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንም «አለ» ሲሏችሁ አስከፍቱ። እኔ አንድ ቦታ ሳስከፍት ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውዬው የሌሊት ተረኛ ነው፣ ቤቱ ሰበታ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ውስጡ ስድስት የቡና ስኒ፣ ስኳርና አንድ ረከቦት ተገኘ። (ሳቅ) እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ግን በዚያው ሳምንት ጣቷ በማሽን የተያዘ ልጅ ደሟን በነጠላ ጠቅልላ ነው ጤና ጣቢያ የሄደችው።

ስለ ስጦታ ካላነሣሁ ደግሞ ቀጣሪዎቹ ያሙኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ተቆጣጣሪ ሳይሆን አይቀርም። (ሳቅ) ለፋሲካ ዋዜማ ቤቴ በር ላይ አንድ ፒክአፕ ቆመ፤ ሾፌሩ ሙክት በግ አወረደ። እኔ ቤት የለሁም። ስመጣ ልጆቼ በጉን ሣር አብልተው፣ ስም አውጥተውለት፣ ግንባሩን እያከኩ አገኘኋቸው። መልሼ ላክሁት። ፋሲካን ከልጆቼ ጋር ተኮራርፌ ነው የዋልኩት። አንዷ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ቡናውስ? እኛ አገር «ቡና ጠጪ» ለሚል ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እኔም እጠጣለሁ። ግን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንድ ስኒ ከጠጣሁ ሁለተኛውን ካንቲን ወርጄ ከሠራተኞቹ ጋር እጠጣለሁ። ደግሞ በእነሱ መኪና አልመለስም። አንዴ ዝናብ ነውና ከቃሊቲ እስከ ሣሪስ ጋቢና ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሊያናግሩኝ ፈሩ። ታክሲ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ብትገቡ ይሻላችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ተቆጣጣሪ ዳኛ አይደለም። እገባለሁ፣ ያለ ማስታወቂያ በሥራ ሰዓት እገባለሁ፤ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ በዚህን ያህል ቀን አስተካክሉ ብዬ በጽሑፍ አዛለሁ። «ገንዘቤን አስከፍይልኝ» ያለችን ልጅ ግን ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት፣ መላክ ነበረብኝ። እዚህ ዳር አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እዚህ አዳራሽ በር ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ብትወረውሩ አዲስ አበባ ላይ ይነሣና በኦሮሚያ ሥር ባለችው ሸገር ከተማ ላይ ያርፋል። ልጅቷ ቤት የተከራየችው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ፋብሪካዋ ቃሊቲ፤ ወይም ቤቷ አቃቂ ሆኖ ፋብሪካዋ ዱከም። አቤቱታ የሚታየው የምትሠሩበት ቦታ ባለው መሥሪያ ቤት ነው፣ የምታድሩበት አይደለም። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲንከራተት ሦስት ወሩ አልቆበታል።

«ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ነው?» ትሉኛላችሁ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል ግን በእኔ የሥራ ዘመን አላየሁም። ስለዚህ «በሕጉ መሠረት ዝቅተኛውን ነው የምንከፍለው» የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ «የትኛው አንቀጽ?» በሉት። (ጭብጨባ)

ሦስተኛው።

1997 ዓ.ም. ነው። ዓመት አልሞላኝም፣ አዲስ ነኝ፣ ትጉህ ነኝ። አንዲት ልጅ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቢሮ መጣች። የምትሠራው ማሸጊያ ክፍል ነው፣ ሰባት ሴቶች ናቸው። በታኅሣሥ ወር ሌሊቱን በሙሉ አሠርተው የትርፍ አልከፈሏቸውም። «ስሜ እንዳይነሣ» አለች። አይነሣም አልኳት። አዋጁም እንደዚያ ነው፤ ተቆጣጣሪ አቤቱታውን ማን እንዳመጣ መናገር ቀርቶ፣ የመጣሁት አቤቱታ ሰምቼ ነው ብሎ ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት እንኳ አይፈቀድለትም።

ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ አስመጣ፣ «ሰው ከሶን ነው?» አለ። «መደበኛ ቁጥጥር ነው» አልኩ። ስም አልጠራሁም። በልጆቼ እምላለሁ ስም አልጠራሁም። ታዲያ ምን አደረግሁ? «የማሸጊያ ክፍልን የታኅሣሥ ወር የሌሊት ፈረቃ ሰነድ አምጡልኝ» አልኩ። ሌላ ክፍል አልጠየቅሁም። ሌላ ወር አልጠየቅሁም። ከሰባቱ ሴቶች ደግሞ በዚያ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ የወጣች አንዲት ብቻ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት «ሥራ ቀንሷል» ብለው አሰናበቷት። አንዲቷን ብቻ። ልጅቷ አዝና አገሯ ገባች። ተመልሳ እኔ ጋ ስትመጣ አራተኛው ወር ነው። ሦስት ወር አልፏል። እኔ ፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ጫፍ ጫፉን ስትፈትል ነበር፣ ምን እንደምላት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የአምስት ክፍል ሰነድ ሳልጠይቅ የአንዱን አልጠየቅሁም። የምፈልገውን አራተኛ ላይ አደርገዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ አላስቀምጥም፣ መጨረሻ የተጠየቀ ነገር ይታወሳል። ሰው ሳናግርም አሥር ሰው አናግራለሁ፤ አቤት ባይዋን ስድስተኛ ወይ ሰባተኛ። እኩል ደቂቃ። ከእሷ ጋር ረዘም ካልኩ ከጽዳቷም ጋር ረዘም እላለሁ። ይህን የትኛውም ሥልጠና ላይ አላስተማሩኝም። ዋጋውን የከፈለችው ልጅቷ ናት።

በ2014 አቃቂ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። የምትመዝነዋ ሴት ቀና አለችና «እትዬ፣ የፋይሏ እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት። እኔ አላወቅኋትም፣ ድምፅዋን ስሰማ ነው ያወቅኋት። እዚያው በሰው መሐል «ከሥራ የወጣሽው በእኔ ጥፋት ነው፤ ክፍሉን ለይቼ በመጠየቄ ነው» አልኳት። ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ እየጨመረች «አውቃለሁ፣ ያኔም ገብቶኛል» አለች። አንድ ራስ ጨመረች። ሌላ ልል አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«የእህቴ ልጅ ፋብሪካ ገብታለች» አለች። «እነ እንትና በ60 ቀን ያባርራሉ ይባላል። ዛሬ 58 ቀኗ ነው። ምን ትሁን?»

«ወረቀት ፈርማለች?»

«ፈርማለች፤ ቅጂ አልሰጧትም።»

ፋይሌን ሽንኩርት ጆንያው ላይ ዘረጋሁት። የገባችበትን ቀን ነገረችኝ። እሑዶቹን አንድ በአንድ ሰረዝናቸው፣ ስምንት ሆኑ። የዓድዋን በዓል ሰረዝን። 49 ቀረ። «የሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው፤ 11 ቀን አላት» አልኳት። ሴትዮዋ በጣቷ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ ሶስተኛ ጊዜ ቆጠረች፣ እስክሪብቶዬን ተቀብላ 11ን ክንዷ ላይ ጻፈች።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከፈረቃ የመጣችሁት ቅድሚያ ይሰጣችሁ፣ ሰርቪስ ያመልጣችኋል።